ሻማ ያበሩትና እሳት ያጠፉት

እንደምን ሰነበታችሁ ወዳጆች?

(ይህችን ሰላምታ ያዙልኝ። መጨረሻ ላይ እመለስባታለሁ።)

ባለፈው አርብ ማታ ሰፈራችን መብራት ሄደ። ይሄ እንኳን ዜና አይደለም። ዜናው ቀጥሎ የሆነው ነው። መጀመሪያ ሁላችንም በያለንበት የስልካችንን ባትሪ አበራን። እኔ በስልኬ፣ እህቴ በስልኳ፣ ሁሉም በየክፍሉ የግል ብርሃኑን ይዞ ቀጠለ። ስልኮቹ አንድ በአንድ መድከም ሲጀምሩ እናቴ ከቁም ሳጥን ውስጥ አንዲት ሻማ ፈልጋ አወጣች፤ ስኒ ማስቀመጫ ላይ አቁማ ለኮሰቻት። ማንም «ኑ» አላለም፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ግን ቤተሰቡ በሙሉ ሳሎን ተሰብስቦ ነበር። ስልክ ለአንድ ሰው ነው የሚያበራው። ሻማ ለቤት ያበራል።

እዚያ ተቀምጬ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በዚያችው አርብ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ በዓለም ዙሪያ በአይሁድ ቤቶች ማንም መብራት ሳያጠፋባቸው ሻማ ይበራል። ከዚህ ይልቅ የሚገርመው ግን እዚሁ አገራችን ውስጥ የነበረው ነው። በጎንደርና በአካባቢዋ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤሎች በዚያችው አርብ፣ በዚያችው ሰዓት፣ ለዚያችው ሰንበት ሲሉ እሳታቸውን ያጠፉ ነበር። አንዱ ለሰንበት ክብር ያበራል፤ ሌላው ለሰንበት ክብር ያጠፋል። ሁለቱም የሚጠቅሱት ኦሪትን ነው።

ታዲያ የትኛው ነው ልክ? ጥያቄው የዋህ ይመስላል። በታሪክ ውስጥ ግን ሰው አስከስሷል፣ የጋብቻ ውል አስጽፏል፣ ሕዝብንም «እውነት አይሁድ ናችሁ?» አስብሏል። እስቲ ከሥሩ እንየው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ትእዛዝ፣ ሁለት ንባብ

የነገሩ ሁሉ መነሻ ዘጸአት 35፥3 ነው። በሰንበት ቀን በቤታችሁ ውስጥ እሳት አታንድዱ ይላል ትእዛዙ። አጭር ነው፤ ግልጽም ይመስላል። ግን ቆም ብላችሁ አስቡት። የተከለከለው እሳት መለኮስ ነው? ወይስ እሳት በቤት ውስጥ መኖሩ ራሱ?

የአይሁድ መምህራን፣ ረቢዎች የሚባሉት፣ የመጀመሪያውን ያዙ። በሰንበት መለኮስ ክልክል ነው፤ ከሰንበት በፊት ተለኩሶ በራሱ የሚነድ ግን ይንደድ አሉ። በ200 ዓ.ም. ገደማ የተሰናዳው ሚሽና የተባለው የሕግ መጽሐፋቸው ለዚህ ጉዳይ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶታል። የትኛው ክር ይሆናል፣ የትኛው አይሆንም፤ የትኛው ዘይት በደንብ ይነዳል፣ የትኛው ያጨሳል እያለ ይዘረዝራል። ለምን ይህን ያህል ዝርዝር? ምክንያቱም መብራቱ ሊጠፋ ሲንገዳገድ እጅ ሰዶ ክሩን ማስተካከል በሰንበት አይቻልማ! እንዳይፈታተን ገና ከመነሻው ጥሩ ክር፣ ጥሩ ዘይት ያስፈልጋል።

ግን ለምን ይብራ? መልሱ ሰማይ የወጣ ፍልስፍና አይደለም፤ የቤት ነገር ነው። ታልሙድ የአርቡን መብራት ከቤት ሰላም ጋር ያያይዘዋል። ሰው በጨለማ እየተደናቀፈ፣ የሚበላውን ሳያይ፣ ከቤተሰቡ ጋር እየተጋጨ ሰንበትን ሊደሰትበት አይችልም ነው ነገሩ። እንዲያውም ታልሙዱ አንድ የድሃ ቤት ጥያቄ ያነሳል። ሰውዬው የአንድ መብራት ዘይት ብቻ ቢኖረውና የሰንበት መብራትና የሐኑካ መብራት ቢገጣጠሙበት የቱን ያብራ? የቤቱን ያብራ፤ የቤት ሰላም ይቀድማል ይላል። ተአምር የሚታሰብበት በዓል ለእራት ጠረጴዛ ቦታውን ለቀቀ ማለት ነው።

ብዙውን ጊዜ የምታበራው የቤቱ እመቤት ናት። ከፀሐይ መጥለቂያ 18 ደቂቃ ቀደም ብላ (በኢየሩሳሌም 40 ደቂቃ ነው ልማዱ) ቢያንስ ሁለት ሻማ ትለኩሳለች። ሁለት የሆኑት የሰንበት ትእዛዝ በሁለት ቃል ስለተሰጠ ነው ይባላል፤ በዘጸአት «አስብ»፣ በዘዳግም «ጠብቅ»። ከዚያ ዓይኗን በእጆቿ ሸፍና ትባርካለች። ይህ ዓይን መሸፈን ሲያዩት ምሥጢር ይመስላል፤ ከጀርባው ግን ቆንጆ የሕግ ብልሃት አለ። በረከት የሚባለው ከድርጊቱ በፊት ነው። ከባረከች ግን ሰንበትን ተቀብላለች፤ ሰንበት ከገባ ደግሞ መለኮስ አይቻልም። ስለዚህ ትለኩስና ዓይኗን ትሸፍናለች፣ ትባርካለች፣ ከዚያ ዓይኗን ስትገልጥ ብርሃኑን ገና አሁን የምታየው ያህል ይሆናል። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ያንን ሻማ መንካት አይቻልም። ማንሳት የለም፤ ማስተካከል የለም፤ ቢጠፋም መልሶ መለኮስ የለም።

ይህችን ነጥብ ልብ በሉልኝ። ሻማው የሰንበት የሚሆነው እጅ ሲነሳለት ነው።

«ሻማ ፊት እንድትቀመጥ አያስገድዳት»

ሁሉም አይሁድ ግን በረቢዎቹ ንባብ አልተስማማም። በ8ኛውና በ9ኛው ክፍለ ዘመን በኢራቅ አካባቢ ቀራውያን የሚባሉ ወገኖች ተነሡ። እኛ የምናውቀው የተጻፈውን ኦሪት ነው፤ የረቢዎች የቃል ትምህርት አያስረንም አሉ። ኦሪት በሰንበት እሳት አይኑር ካለ አይኑር! አርብ ማታ እሳታቸውን አጥፍተው በጨለማ ይቀመጡ ጀመር።

ረቢዎቹ ዝም አላሉም። ዛሬ በሻማው ላይ የሚባለው በረከት የሰፈነው በዚሁ የክርክር ዘመን ነው። ብዙ የታሪክ ተመራማሪዎች በረከቱ የተጠናከረው ለቀራውያን መልስ እንዲሆን ነው ይላሉ። ሻማ ማብራት የተፈቀደ ብቻ አይደለም፤ የታዘዘም ነው ለማለት። ከዚህ በኋላ አርብ ማታ በሰፈሩ ውስጥ የሚያልፍ ሰው መስኮት እያየ የማን ቤት የማን ወገን እንደሆነ መለየት ይችል ነበር።

ሰው ግን ሰው ነው፤ ከወዲያኛው ወገን ሰው ያፈቅራል። በካይሮ በአንድ አሮጌ ምኩራብ ግምጃ ቤት ውስጥ ተከማችተው ከተገኙት ወረቀቶች (ጌኒዛ ይባላሉ) መካከል በ11ኛውና በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፉ የጋብቻ ውሎች አሉ። ባልና ሚስቱ አንዱ የረቢዎች ወገን፣ አንዱ ቀራዊ ነው። ውሉ ውስጥ ከጥሎሽና ከንብረት ጋር ምን ተጽፏል መሰላችሁ? ባልየው ቀራዊት ሚስቱን የሰንበት ሻማ ፊት እንድትቀመጥ አያስገድዳትም! የነገረ መለኮት ሊቃውንት በመጽሐፍ ሲወጋገዙ፣ ሁለት የተዋደዱ ሰዎች ግን ጉዳዩን በአንድ አንቀጽ ጨረሱት። የቤት ሰላም ይሏል ይሄ ነው።

እሳት እንጀራው የሆነ ሕዝብ

አሁን ወደ ጎንደር እንምጣ።

ቤተ እስራኤሎች ቀራውያን አይደሉም፤ ከእነሱ ጋር ግንኙነት ነበራቸው የሚያሰኝ ነገርም የለም። የረቢዎቹ ታልሙድም አልደረሳቸውም። በእጃቸው ያለው በግእዝ የተጻፈ ኦሪት ነበር። ኩፋሌም ነበረ፤ ዛሬ ሙሉ ሆኖ የሚገኘው በግእዝ ብቻ የሆነው ያ መጽሐፍ በመጨረሻው ምዕራፉ በሰንበት እሳት ማንደድንም ጦርነት ማድረግንም በሞት ከሚያስቀጡ ሥራዎች ይቆጥራቸዋል። የራሳቸው «ትእዛዘ ሰንበት»ም ነበራቸው። በዚህ መጽሐፍ ሰንበት ቀን ብቻ አይደለችም፤ በፈጣሪ ፊት ቆማ የምትማልድ ክብርት ሴት ሆና ትሳላለች። እንዲህ ያለች እንግዳ የምትጠበቅበት ቤት እንዴት ይሰናዳል? አርብ ሥራ ቀደም ብሎ ይቆማል። ምግቡ ተሠርቶ ያልቃል፤ ነገ የሚበላው ቀዝቃዛውን ነው። ወንዝ ተወርዶ ሰውነት ይታጠባል፣ ንጹሕ ልብስ ይለበሳል። እሳቱም ይጠፋል።

የዚህን ክብደት ለመረዳት እነዚህ ሰዎች በምን ይተዳደሩ እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። ርስት የተነፈጉ ነበሩ። ብዙዎቹ ወንዶች ቀጥቃጮች፣ ብዙዎቹ ሴቶች ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። የገበሬው ማረሻ ከእነሱ ወናፍ፣ የባላገሩ ጀበናና ድስት ከእነሱ እሳት ነው የወጣው። በዚሁ እሳት ደግሞ ተሰድበዋል። ከእሳት ጋር የሚሠራ «ቡዳ» ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል እየተባለ ተፈርተዋል፣ ተገፍተዋል። እኛ ዛሬም አፋችን ላይ የማይጠፋው ያ ቃል የስንት ሰው ኑሮ እንዳበላሸ አንድ ቀን ራሱን የቻለ ጽሑፍ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ አስቡት። ስድስት ቀን እንጀራቸው እሳት ነው። ስድስት ቀን ስድባቸውም እሳት ነው። አርብ ሲመሽ ወናፉ ዝም ይላል፣ ምድጃው ይበርዳል። በሰባተኛው ቀን ማንም ባለ እሳት አይደለም። ለእኔ ያ ጨለማ የጎደለ ሻማ አይደለም። የሙሉ ሳምንት ሸክም የወረደበት ዕረፍት ነው።

ሥራ የማይሠራው ብርሃን

ስለ አይሁድ ሻማ ሲነሳ ብዙዎቻችን ፊልም ላይ የምናየው ባለ ብዙ ቅርንጫፍ መቅረዝ ነው ትዝ የሚለን። እሱ የሐኑካ ነው። ሐኑካ ማለት ምረቃ፣ ለአምላክ መለየት ማለት ነው። በአማርኛው የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የመቅደስ መታደስ በዓል የተባለው እሱ ነው።

ታሪኩ ባጭሩ። በ167 ከክርስቶስ ልደት በፊት ንጉሥ አንጥዮኮስ አራተኛ የኢየሩሳሌምን መቅደስ አረከሰ፤ ሰንበትን ማክበርን ጨምሮ የአይሁድን ሥርዓት ከለከለ። ማታትያስ የተባለ ካህንና ልጆቹ ሸፈቱ። በ164 ልጁ ይሁዳ መቃቢስ መቅደሱን አስመልሶ አጸዳው፤ በዓሉም ስምንት ቀን ተከበረ። (መቃብያንን ከመደርደሪያ ለማውረድ የተነሳችሁ ተቀመጡ! በእኛ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና ያሉት ሦስቱ መጻሕፍተ መቃብያን ሌላ ታሪክ ናቸው፤ ይሄን እዚያ አታገኙትም።)

የሚገርመው፣ ለዘመኑ ቅርብ የሆነው አንደኛው የግሪክ መጽሐፈ መቃብያን ስለ ዘይት ተአምር አንዲት ቃል የለውም። የሚተርከው ድል፣ መሠዊያና ምስጋና ነው። በአንደኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ሳይሆን የታሪክ ጸሐፊው ፍላቪየስ ዮሴፍ በዓሉን «ብርሃናት» ይለዋል፤ እሱም ስሙ ከየት እንደመጣ ግምቱን ነው የሚሰጠው። የሊቀ ካህናቱ ማኅተም ያለባት፣ ለአንድ ቀን ብቻ የምትበቃ ዘይት ስምንት ቀን ነደደች የሚለው ዝነኛ ታሪክ ተብራርቶ የሚገኘው ከድሉ ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በተሰናዳው በባቢሎን ታልሙድ ውስጥ ነው።

ለምን? በመሀል ብዙ ነገር ተከስቷላ። የመቃብያን ልጆች ያቋቋሙት መንግሥት ፈርሷል። መቅደሱ ራሱ በ70 ዓ.ም. በሮማውያን ተቃጥሏል። ሠራዊት የለም፣ ንጉሥ የለም፣ መሠዊያ የለም። የቀረው ቤት ነው፤ ቤት ውስጥ ደግሞ መብራት። የወታደር በዓል የነበረው የመብራት በዓል ሆነ።

ሥርዓቱ ላይም ክርክር ነበረ። የሻማይ ተማሪዎች በመጀመሪያው ቀን ስምንት አብሩ፣ በየቀኑ አንድ ቀንሱ አሉ። የሂሌል ተማሪዎች ደግሞ በአንድ ጀምሩ፣ በየቀኑ አንድ ጨምሩ አሉ። የተቀበሩት የሂሌል ወገኖች አይደሉም፤ እነሱ ናቸው የጸኑት። ምክንያታቸው የተቀደሰ ነገር ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም የሚል ነበር።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ይሄኛው ሕግ ነው፤ በሐኑካ መብራት መጠቀም አይቻልም። አታነቡበትም፣ ገንዘብ አትቆጥሩበትም፣ ሥራ አትሠሩበትም። ለዚህ ነው ዘጠነኛዋ ሻማ የምትጨመረው። «ሻማሽ» ትባላለች፣ አገልጋይ ማለት ነው። ሌሎቹን የምትለኩሰው እሷ ናት፤ ብርሃን ካስፈለገም የሚታየው በእሷ ነው። ስምንቱ ለመታየት ብቻ ይበራሉ።

አሁን ሦስቱን አንድ ላይ እንያቸው። የሰንበቱ ሻማ ከበራ በኋላ አይነካም። የሐኑካው ሻማ ይበራል እንጂ አይሠራበትም። የጎንደሩ እሳት ጭራሹኑ አይነድም። ሦስቱም እሳትን ከጥቅም ያሳርፉታል። እሳት የሰው ልጅ የመጀመሪያ መሣሪያው ነው፤ በእሱ ያበስላል፣ ያቀልጣል፣ ያቃጥላል። ያንን መሣሪያ ለአንድ ቀን አስቀምጦ «ዓለም ያለ እኔ ሥራም ትቆማለች» ማለት ነው ነገሩ። ብርሃኑም ጨለማውም የሚናገሩት ይህንኑ ይመስለኛል።

መስኮት ወይስ ጠረጴዛ?

የሐኑካ መብራት ለመታየት ከሆነ የት ይቀመጥ? በበር ላይ በውጭ በኩል፤ ፎቅ የሚኖር በመንገድ በኩል ባለው መስኮት ይላል ታልሙድ። ቀጥሎ ግን አንዲት አጭር ሐሳብ አለች፤ በአደጋ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል። ከመስኮቱ እስከ ጠረጴዛው ያለው ርቀት ጥቂት እርምጃ ነው። የአይሁድ ታሪክ ግማሹ በዚያ ጥቂት እርምጃ ውስጥ አለ።

በስፔን ተገደው ክርስትና የተቀበሉ አይሁድ ጠረጴዛውም አልበቃቸውም። የኢንኩዊዚሽን ፍርድ ቤት ሕዝቡ ጎረቤቱን እንዲጠቁም በሚያስነብበው የምልክቶች ዝርዝር ውስጥ አርብ ማታ ከሌላው ቀን ቀደም ብሎ፣ በንጹሕ ክር መብራት ማብራት አንዱ ነበር። የእናት የእራት ሻማ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ ማለት ነው።

በጀርመን ኪል ከተማ ደግሞ በ1931 የሐኑካ ሰሞን፣ የረቢ ባለቤት የነበረችው ራሔል ፖስነር አንድ ፎቶ አነሳች። መስኮቱ ላይ የሐኑካው መቅረዝ፣ ከመንገዱ ማዶ ባለው ሕንፃ ላይ የናዚ ባንዲራ። ሂትለር ሥልጣን ሊይዝ አንድ ዓመት ከጥቂት ጊዜ ቀርቶት ነበር። መስኮቱን መረጡ። በ1933 ቤተሰቡ መቅረዙን ይዞ ከአገር ወጣ። በታኅሣሥ 2022 ያው መቅረዝ በርሊን በጀርመን ፕሬዚዳንት ቤተ መንግሥት ተመልሶ በራ።

ግንቦት 16፣ አርብ

አንድ ታሪክ ቀረኝ። አንጥዮኮስ ሰንበትን በከለከለ ጊዜ በዋሻ የተሸሸጉ አይሁድ በሰንበት ጦር መጣባቸው። ሰንበትን አንሽርም ብለው አንድ ድንጋይ እንኳ ሳይወረውሩ አንድ ሺህ ያህል ሰው አለቀ። ማታትያስና ጓደኞቹ ይህን ሲሰሙ ከእንግዲህ በሰንበት ቢመጡብን እንከላከላለን ብለው ወሰኑ። ኩፋሌ በሰንበት መዋጋትን ሲያወግዝ፣ እነሱ ነፍስን መረጡ። በኋላም ረቢዎቹ ነፍስ ማዳን ሰንበትን ይሽራል የሚለውን ሕግ አጸኑ።

ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ ያ ሕግ አዲስ አበባ ደረሰ። ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. (24 ሜይ 1991)፣ ደርግ በወደቀበት ሳምንት፣ ዘመቻ ሰሎሞን ተጀመረ። በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤሎች ወደ እስራኤል ተጓጓዙ። ዕለቱ አርብ ነበር። ሰንበት ገባ፤ አውሮፕላኖቹ መመላለሳቸውን አላቆሙም። ለሰንበት ብለው ምድጃ ያጠፉ የነበሩ ሰዎች በሰንበት ሌሊት በሰማይ ላይ ነበሩ።

እዚያ ሲደርሱ ሁሉ ነገር ብርሃን አልሆነም። ዋና ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ በ1973 አይሁድነታቸውን ቢያውቁላቸውም፣ ቀድመው የሄዱት ጋብቻ ሲፈልጉ ምሳሌያዊ የመንጻት ጥምቀት ተጠየቁ። በ1985 በኢየሩሳሌም ከረቢዎቹ ዋና ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀምጠው ተቃወሙ። ነገሩ ግልጽ ነው። ስለ ሰንበት ብሎ ትውልድ በትውልድ ላይ በጨለማ የተቀመጠ ሕዝብ ሰንበት አክባሪነቱን እንደገና አስመስክር ሲባል ያማል።

ዛሬ ብዙዎቹ ልጆቻቸው አርብ ሻማ ያበራሉ፤ አያቶቻቸው የማያውቁትን ሐኑካንም ያከብራሉ። ከ2008 ጀምሮ ደግሞ የአያቶቻቸው ስግድ በእስራኤል በሕግ የታወቀ በዓል ነው። ሻማው ጥሩ ነው። እኔ የምፈራው አዲሱ ሻማ የድሮውን ጨለማ እንደ ድንቁርና እንዳያስቆጥረው ነው። በጨለማ መቀመጥና በጨለማ መቀመጥ ይለያያል። አንዱ መብራት ሲሄድ የሚሆን ነው፤ ሌላው ሰው አውቆ፣ ለሚያከብራት እንግዳ ሲል የሚመርጠው።

ወደ ሰላምታችን ልመለስ። «እንደምን ሰነበታችሁ?» ስንባባል የምንጠራው ቃል «ሰንበት» ነው፤ ሥራቸው አንድ ነው። ሳምንቱን የምንቆጥረው ከዕረፍት እስከ ዕረፍት ነበር ማለት ነው። እኛ ግን ስንቶቻችን ነን ስልኩ ካልሞተብን፣ መብራት ካልሄደብን እጃችንን የምናነሳው? የዚህ ሳምንት አርብ መብራት ባይሄድም እናቴን ሻማዋን አስለኩሳታለሁ። ስልኮቹን ደግሞ እኔ አጠፋቸዋለሁ።

ቸር እንሰንብት!